ያለሰለስኩት ብየዳ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ በየጾሙ መግቢያ ቤቴ ድረስ ለሚመጡት የነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው «ሌላ የቀረ አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ «የለም፣ አባቴ» እያልኩ መስቀላቸውን ተሳልሜ ተነሥቻለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጌያለሁ። ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ ከሁሉ አስቀድመው ማወቅ የሚገባዎት በመስቀል ፊት የዋሸ ሰው የጻፈውን እያነበቡ መሆኑን ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ወላይታ ሶዶ የተሽከርካሪ ቴክኒክ መርማሪ ነበርኩ። ሥራዬ መኪና ሥር ገብቶ መመልከት፣ የተመለከትኩትን በቅጹ ላይ ማስፈርና መፈረም ነበር። ፍሬኑ የማይዝ፣ መሪው የላላ መኪና በእኔ ፊርማ ወደ መንገድ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን ዛሬም ያለ ኀፍረት እናገራለሁ። ማኅተሙ የተንጋደደ ወረቀት እንኳ ሲደርሰኝ እንደገና ተጽፎ እንዲመጣ እመልስ ነበር። ሾፌሮች ከኋላዬ «ሚሊሜትር» ይሉኛል። ያልሰማሁ መስዬ አልፋለሁ እንጂ ስሙን እወደው ነበር። ከማዕረጌ ሁሉ ይልቅ ያ ስም ያኮራኝ ነበር።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሰሎሞን አንድ አሮጌ ኮሮላ አስጎትቶ ግቢዬ አስገባ። ሰሎሞን የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ልቡ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መኪና ላይ ነው። አዲስ አበባ በሚካሄድ የመኪና እሽቅድምድም ላይ በራሱ እጅ ባዘጋጀው መኪና መወዳደር ፈለገ። ጋራዤ ከማድ ቤቱ ጎን የተለጠፈች፣ ሦስት ሜትር ተኩል በአምስት ሜትር የሆነች የቆርቆሮ ክፍል ናት። የመኪናውን ቀኝ ጎን ከግድግዳው አስጠግተን ስላቆምነው፣ በዚያ በኩል ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። ዝናብ ሲጥል እየተጯጯህን እንኳ አንሰማማም። እዚያች ክፍል ውስጥ ወንበሮቹን፣ ምንጣፉን፣ የበሮቹን ሽፋን ሁሉ ነቅለን አወጣን። መኪናው ምን ያህል እንደቀለለ ለማወቅ የተነቀለውን እያንዳንዱን ዕቃ መዝኜ በደብተር እጽፍ ነበር። ሰሎሞን ይስቅብኛል።

«ጋሼ፣ ይኼ መኪና ነው ወይስ ደብዳቤ? በቃ ቁጥርና ቀን ይስጡት፤ ማኅተም ይምቱበት!»

ደስተኞች ነበርን። ይህን የምጽፈው ልብዎን ላራራ ብዬ አይደለም። ያደረግሁትን ያደረግሁት ተቸግሬ ወይም ተገድጄ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው።

ሰሎሞን የፊት ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል እንዲሉ ፈለገ፤ እንዲህ ሲሆኑ ኩርባ ላይ መሬቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ አለ። ለዚህም ብራቾውን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን የታችኛውን የብረት ክንድ፣ ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም ያስፈልግ ነበር። በሥራ ዘመኔ የተበየደ ብራቾ ያለው መኪና ቢቀርብልኝ ቀና ብዬ ሳላይ እመልሰው ነበር። ለዘመዴ ሲሆን ግን «ጥሩ በያጅ ካገኘን» አልኩ። ጥሩ በያጅ አገኘን።

ማቴዎስ ይባላል። የቦምቤ ሰው ነው። ወደ ቦዲቲ በሚወጣው መንገድ ዳር የብየዳ ሱቅ ነበረው፤ የከተማው የጭነት መኪና ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል። ንግግር አያበዛም። መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፋ ከውስጥ የሚደግፈውን የቱቦ ማዕቀፍ አስቀድሞ የሠራልን እሱ ነበር። ሁለቱን ብራቾዎች በአንድ ጠዋት በየዳቸው፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይም ልባስ ላሜራ ደረበበት። ሲጨርስ ብየዳው እንደ ቆየ ጠባሳ አብጦ፣ ተቋጥሮ ይታይ ነበር። ፊቴን አይቶ ሳይሆን አይቀርም እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ይህ ብየዳ መልኩ አያምርም። ግን ይይዛል። በግራይንደር አይንኩት።»

«ለማን እንደምትነግር ታውቃለህ?» አለው ሰሎሞን። «ዛሬ እኮ እንቅልፍ አይወስዳቸውም!»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

በሚቀጥለው እሑድ የሰሎሞን የሥራ ባልደረቦች መኪናውን ለማየት ሊመጡ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ወልቀው መኪናው በድጋፍ ላይ ቆሟል፤ ከበሩ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የግራውን ብራቾ ነው። እኔ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ብቻዬን ጋራዥ ገባሁ። ያን ጉብጉብ ብየዳ አየሁት። አስጠላኝ። የእኔ ጋራዥ፣ የእኔ ሥራ እየተባለ ሊታይ ነው! ግራይንደሩን አነሣሁ። አትንካ ተብዬ ነበር፤ ነካሁ። እብጠቱን ብቻ ላንሣ ብዬ ጀመርኩ፤ እብጠቱ ሲነሣ ልባሱ ላሜራ ጠርዙ ወጣ ብሎ ታየኝ። እሱንም ፋቅሁ። አንዱን ጎን ሳስተካክል ሌላው ጎን ተንጋደደብኝ። እሱንም ፋቅሁ። መጋጠሚያው የት እንደነበር በጣት ተዳስሶ እስከማይታወቅ ድረስ ፋቅሁ። ከዚያ ጥቁር ቀለም ቀባሁት።

የቀኙንስ? የቀኙን አልነካሁትም። የቀኙ በግድግዳው በኩል ነበር፤ ማንም አያየውም። ይህን አስተውለው ያንብቡ። እኔ የብረቱን ነገር የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚታየውን ጎን አሳመርኩ፤ የማይታየውን ተውኩ። ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበረኝም፤ ፈልጌም አላገኘሁም።

እንግዶቹ መጡ። አንዱ አጎንብሶ ብራቾውን ዳሰሰና «ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው!» አለ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ ፈገግ አልኩ። ያቺ ፈገግታ ትዝ ስትለኝ ዛሬም ምራቄን መትፋት ያምረኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በበዴሳ መንገድ በኩል ባለ ጠፍ ሜዳ ላይ ሰሎሞን ልምምድ አደረገ። ሰዓት ይዤ ቆሜያለሁ። በሦስተኛው ዙር ኩርባው ላይ ሲደርስ የግራው ጎማ ወደ ውስጥ ታጠፈ። መኪናው ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሰሎሞን በሕይወት ወጣ። የግራ ጭኑና ጉልበቱ ግን ተሰባበሩ። ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም።

በማግስቱ የተሰበረውን ብራቾ ፈትቼ ወደ ጋራዤ ወሰድኩ። ስብራቱ እኔ በፋቅሁት ቦታ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ወረቀት ተቀዶ ነበር። ሊሆን የሚገባው ስምንት ሚሊሜትር ውፍረት ነው። በካሊፐር ለካሁት፤ ሦስት። እንደገና ለካሁት፤ ሦስት። ሚሊሜትር ተብዬ የተጠራሁ ሰው፣ ያጎደልኩትን በትክክል አወቅሁ። የቀኙ ብራቾ፣ ያ መልከ ጥፉው፣ ሳይበገር እንደ ነበረ ነበር። የጣሪያው ማዕቀፍም አንድ መጋጠሚያ እንኳ አልተላቀቀበትም። የሰሎሞንን ጭንቅላት ያተረፈው የማቴዎስ እጅ ነበር፤ እግሩን የወሰደው የእኔ።

የባለቤቴ ቤተሰብ ጥፋተኛው ይታወቅ አለ። ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ተባለና፣ እኔ ባለሙያ ነኝና፣ ምክንያቱን መርምሬ በጽሑፍ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ጽሑፉ ንጹሕ ነበር፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። «የግራው ብራቾ የተሰበረው የብየዳው ጥልቀት በቂ ባለመሆኑ ነው» ይላል። ስለ ግራይንደሩ አንድ ቃል የለም። ስለ ቀለሙ የለም። ስለ ጣሪያው ማዕቀፍ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብለው ይጠሩታል? እኔ በሥራ ዘመኔ ሐሰተኛ ሰነድ እለው ነበር፤ ያቀረበውንም ሰው ለፖሊስ አሳልፌ እሰጠው ነበር።

በሰሎሞን ሳሎን ተሰበሰብን። ከሽማግሌዎቹ መካከል እኔም ተቀመጥኩ፤ ቦታውን ሰጡኝ፤ አልቀመጥም አላልኩም። ማቴዎስ ከአጎቱ ጋር መጣ። ጽሑፌ ተነበበ። አንገቱን ደፍቶ ሰማና ቀና ብሎ እኔን ብቻ አየኝ።

«ጋሼ፣ ብረቱን በዓይንዎ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

«እኔ ላየው እችላለሁ?»

«ከቁርጥራጭ ጋር ተጥሏል» አልኩ። ብረቱ ጋራዤ ውስጥ፣ ከበርሜሉ ጀርባ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ ነበር።

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ይዟል።»

መዳፎቹን ገልብጦ ተመለከታቸው። ያኔ መናገር እችል ነበር። አጎቱ በወላይትኛ አንድ ነገር አንሾካሾከለት፤ እሱ እጁን አንሥቶ አስቆመው።

«እንግዲያው ግራውን ስሠራ እጄ ሰንፏል» አለ። «እኔ አላስታውስም። ግን ጋሼ አይተዋል፤ ጋሼ አይዋሹም። እኔ በጸሎት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ቢሆንም አባቴ ጎሜ የሚለው ነገር ነበር፤ የተደበቀ በደል ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ ልጅ ያሳምማል ይል ነበር። እኔ አልደብቅም። በድያለሁ።»

ይህን ብሎ ተነሣና በሰሎሞን እግር ሥር ተንበረከከ። ሰሎሞን አለቀሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እርስዎ ያንሡት» አሉኝ። እኔ ተነሣሁ። እነዚህን እጆቼን፣ ግራይንደሩን የያዙትን እጆች፣ በማቴዎስ ትከሻ ላይ አሳርፌ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኛም ይቅር ብለናል» አልኩና አነሣሁት። ጉልበቴን ሳመ።

አስቀያሚ ነገር ብዙ አይቻለሁ፤ ከዚያ የሚከፋ ግን አላየሁም፤ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ማቴዎስ በዓመቱ ሱቁን ዘጋ። ሰው መጥቶ ብየዳ ሲያዘው «ሌላ ሰው ፈልጉ» ይል ነበር አሉ። ወደ ቦምቤ ተመለሰ፤ አሁን መንገድ ዳር ተቀምጦ የሞተር ሳይክል ጎማ ይለጥፋል። በየዓመቱ በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሰሞን ግን ሶዶ ድረስ መጥቶ ይጠይቀኛል። የሙዝ ዘለላና ጎደሬ ይዞ፣ ከበሩ ላይ «ዮዮ ጊፋታ!» ብሎ ይገባል። «ጋሼ ባይምሩኝ ኖሮ!» ይላል። ካመጣው ቀምሼ አላውቅም ብዬ ብጽፍ በወደድኩ። በልቻለሁ። ጣፋጭ ነበር። ባለቤቴ ለጎረቤት አካፍላለች።

ዘንድሮም መጣ። የቦምቤ ሰዎች ለትምህርት ቤት የውኃ ታንከር ማቆሚያ እንዲበይድላቸው እንደለመኑት፣ እምቢ እንዳላቸው ነገረኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«ልጆች ከሥሩ ይጫወታሉ፣ ጋሼ። እጄን አላምነውም።» ቀጥሎም ፈገግ ብሎ «የብየዳ ማሽኗንም ሸጥኳት» አለ።

እሱ ሲወጣ የጋራዤን በር ከፈትኩ። ኮሮላው ከተሸጠ ቆይቷል፤ ክፍሏ ባዶ ናት፤ ሰፍታ ታየችኝ። ጆንያውን ከበርሜሉ ጀርባ አወጣሁ። ጥቁሩ ቀለሜ አሁንም አልለቀቀም። ቆንጆ ሥራ ነው። ለዓይን እንከን የለውም። አገላብጬ ተመለከትኩት፤ ወደ ጆንያው ግን አልመለስኩትም።

ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ ይሉኝ ይሆናል። ሰሎሞን ይጠላኛል ብዬ ፈርቼ ነው ብል ግማሽ ውሸት ይሆናል። ወኅኒ እገባለሁ ብዬም አልሠጋሁም። በገበያ ሳልፍ «ሚሊሜትር» የሚለኝ አንድ ሽማግሌ ሾፌር አለ፤ ያ ሰው ያንን ስም መጥራቱን እንዳያቆም ነው። ለዚህ ስል የአንድን ሰው እጅ ወሰድኩ። ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ የለም።

በዚያን ጊዜ ከተሰበሰቡት ሽማግሌዎች አንዱ አርፈዋል። ለቀሩት ቅዳሜ በሰሎሞን ሳሎን እንዲገናኙ መልእክት ልኬላቸዋለሁ፤ ለማቴዎስና ለአጎቱም ቦምቤ ድረስ ሰው ልኬያለሁ፤ ሰሎሞንም ይገኛል። ለምን እንደጠራኋቸው አላወቁም። ይህን ጽሑፍ ራሴ አነብላቸዋለሁ፤ ድምፄ ቢቆረጥ ሰሎሞን ተቀብሎ ይጨርሰው። ብረቱን ለማቴዎስ በእጁ እሰጠዋለሁ። ያ ብረት ምን እንደተደረገ ለመንገር እኔ አላስፈልገውም፤ አንድ ጊዜ ጣቱን ቢያሳልፍበት ይበቃዋል።

ይቅርታ አልለምንም። በዚህ ጉዳይ ይቅርታ አንድ ጊዜ ተለምኗል፤ የለመነው ንጹሑ ሰው ነበር፤ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ በዚያው ሳሎን ተንበርክኬ እንዲያነሣኝ ባደርገው፣ አሁንም ያው ደግ ሰው ስለሆነ ያነሣኛል፤ ደግነቱን እንደገና ልወስድበት አይገባም። ቆሜ አነባለሁ፤ ከዚያ የሚሉኝን ተቀምጬ እሰማለሁ።

ስለዚህ ቀደም ሲል በእጄ ጽፌ፣ በፊርማዬ አረጋግጬ ያቀረብኩት ሁለት ገጽ ተሽሯል። በእሱ ምትክ የሚከተለው ይነበብ፦

የማቴዎስ ብየዳ በሁለቱም ብራቾዎችና በጣሪያው ማዕቀፍ ላይ በቂ ነበር። የሰሎሞን ሕይወት የተረፈው በዚሁ ብየዳ ነው። የግራው ብራቾ የተሰበረው፣ አትንካ ተብዬ ሳለ፣ ለዓይን እንዲያምር ብዬ እኔ ስለፋቅሁት ነው።