ጥቁር ለብሰን ደራ የገባን ጠዋት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሱቄ መጣ። አዳማ ውስጥ የጊታር ክር፣ የማይክ ገመድ፣ የድምፅ ማጉያ መለዋወጫና ይህን የመሳሰለ ነገር እሸጣለሁ። ልጁ ጥቁር ቲሸርት ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የራስ ቅል ጥርሱን አግጥጦ ይስቃል። ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል። የጊታር ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል ፈልጎ ነበር፤ ሞከረው፣ ሱቁን አንቀጠቀጠውና ገዝቶ ሄደ። ከሱቄ በር አጠገብ ወንበር ይዘው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። ልጁ በፊታቸው ሲያልፍ ቀና ብለው «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ፣ አሉት፤ እሱም መለሰ፤ በቃ። ማን እንደሞተበት አልጠየቁትም።

ለዛሬ ልጆች ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ፔዳሉ የነበረበትን ካርቶን እያነሳሁ ብዙ ቆየሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ሆኖ የወጣ ልጅ እግዜር ያጥናህ ሳይባል ከሰፈሩ አይርቅም ነበር።

ሮክ እኛ ጋ የደረሰው በጭነት መኪና ነው። ከጅቡቲ የሚመለሱ ሾፌሮች አዳማ ሲያድሩ ካሴት ይተዉልን ነበር። ያንን ካሴት አንዱ ለአንዱ ይገለብጥለታል፤ የተገለበጠውም እንደገና ይገለበጣል፤ እኛ እጅ ሲገባ ዘፋኙ ከወፍጮ ቤት ውስጥ የሚጮህ ይመስላል። ጊታሩ ሲሻክር የካሴቱ ብልሽት መስሎን የቴፑን ማንበቢያ ሄድ በአልኮል እየጠረግን ስንደክም ከረምን። ሆን ተብሎ እንደሚሻከር የነገረን አንድ የሆቴል ጊታር ተጫዋች ነው፤ ስንሰማ ግማሽ ያህል አላመንነውም።

በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ ይህ ሙዚቃ መጀመሪያ የድሃ ጥቁር ገበሬዎች እንጉርጉሮ ነበር። ከተማ ገባና ኤሌክትሪክ ተሰካበት። ነጮቹ ወሰዱትና አፈጠኑት። ልጆቻቸው ከወላጆቻቸው ጋር ሲጣሉ ድምፁን ከፍ አደረጉት፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ጥቁር አለበሱት። እኛ ዘንድ ግን አያቱም የልጅ ልጁም በአንድ ካሴት ላይ ተቀድተው በአንድ ቀን ነው የደረሱት። ማን ማንን እንደወለደ ሳናውቅ ሁሉንም አንድ ላይ ወደድናቸው።

ሦስት ነበርን። ለታ ጊታር ይመታል፣ አሸናፊ ድራም፣ እኔ ቤዝ። የአዳማ ሆቴሎች ባንድ ሲፈልጉ የሚያስጨፍር ይፈልጋሉ፤ ላንጋኖ ለመዝናናት የሚወርደው ሰውም እንዲሁ። ሻሸመኔ ሬጌ ነበራት። ሮክ የሚፈልግ ከእኛ ከሦስታችን በቀር አልነበረም። ልብሳችንን ያገኘነው ሰልባጅ ተራ ነው፤ በላዩ የተጻፈው የባንድ ስም ይሁን የሞተር ዘይት ባናውቅም፣ ጥቁር ከሆነና ቅል ካለበት እንወስደዋለን። በአዳማ ፀሐይ ጥቁር መልበስ ራሱን የቻለ ንስሐ ነው። ጠጉራችንንም ለቀቅነው። የለታ ከሁላችንም በልጦ አደገ፤ ከጎፈሬ አልፎ ወደ ትከሻው ወረደ።

የለታ እናት፣ አዴ ጥሩነሽ፣ በአሰላ መንገድ ላይ ባለችው ደራ ነው የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ፣ አንደበታቸው ስል የሆነ ሴት ነበሩ። ለታ መጀመሪያ ጊታሩን ይዞ ሲመጣ «ይህን የሰይጣን ክራር ተሸክመህ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለው መለሱት። ታላቁ ደረጀ ወታደር ነበር። የድንበሩ ጦርነት ሲጀመር ግንባር ሄደ። ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ክረምት ከገባ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፋ።

ኅዳር ላይ አሰላ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎች በዓል ጠራን። ወደዚያ የሚሄድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አገኘንና ገና ሳይነጋ ከሲሚንቶው ላይ ወጥተን ተነሳን። አዋሽን ስንሻገር ብርድ ነበር፤ ከየአውድማው የገለባ ሽታ ይመጣል። ደራ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ እስኪያስጠግን ድረስ ለታ «እናቴ ጭኮ አታጣም፣ ኑ» አለን። ጭኮ ማለት ለሚያውቀው፣ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት፣ ከሌሊት ጉዞ በኋላ ክርክር የሚያስነሳ ነገር አይደለም። ድራሙን፣ ቤዙንና ማጉያውን መኪናው ላይ ተውን። ጊታሩን ግን ለታ ከጀርባው አላወርድ አለ፤ እናቱ ያሉት ትዝ ቢለውም «ከበር ውጭ አስቀምጠዋለሁ» አለ።

እንግዲህ ያን ጠዋት ምን እንመስል እንደነበር ልናገር። ሦስት ጎረምሶች፣ ጥቁር በጥቁር፣ ጠጉር ያልተቆረጠ፣ በሲሚንቶ አቧራ ዓይናችን ደም የመሰለ፣ ከእንቅልፍ ጉድለት የተነሳ የማንነጋገር። አንድ ሽማግሌ አይተውን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቦኖ ውሃ ወረፋ የያዙ ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀመጡ። ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን ሰው እንደሚከተለን አየሁ፤ ማንም አይናገርም፣ ማንም አይቀድመንም። አሸናፊ በጆሮዬ «አየህ፣ ደራም ዝናችን ገብቷል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ትከሻዬን ነፋ አድርጌ ነበር።

አዴ ጥሩነሽ በር ላይ ግቢ ይጠርጉ ነበር። ቀና አሉ። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፣ ቀጥሎ ልብሱንና ጠጉሩን፣ ከዚያም ከኋላችን የቆመውን ዝም ያለ ሕዝብ። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ።

«ኢልማ ኮ!» አሉ፤ «ልጄን!»

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ነው፤ ዘመድ ጥቁር ለብሶ ከፊት ይቀድማል። እኛ ሳናውቀው ከዚያ አንዱንም አላጎደልንም።

«እማ፣ ምንም የለም!» አለ ለታ። ይህም ስህተት ነበር፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ምንም የለም ነውና። አዴ ጥሩነሽ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። ሴቶቹ ከበቧቸው።

«ደረጀ ይሙት፣ ምንም የለም እያልኩሽ!» ብሎ ማለ ለታ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚምለው በወንድሙ ነበር። ለቅሶው በእጥፍ ጨመረ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተፈራ ካፖርታቸውን ደርበው ደረሱ። ነገሩን ሳይጠይቁ ሁለት ሰው ለድንኳን ላኩ። ከዚያ እኔን በክንዴ ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ አንዴ ከተጀመረ መደበቅ ጉዳት ነው። የት ግንባር ነው?»

«ጋሼ፣ በእመቤቴ፣ አልሞተም። ወደ አሰላ ስናልፍ ነው፤ ጎማ ፈንድቶብን...»

«አይዞህ» አሉኝ፤ «ወንድ ልጅ ይችለዋል።»

ጡሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። የድንኳኑ እንጨት በአጥሩ በኩል ገባ። ለታ እናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ይለምናል፤ ጥቁር ለምን ለበስክ ይሉታል፣ ፋሽን ነው ይላል፤ ጠጉርህስ ይሉታል፣ እሱም ፋሽን ነው ይላል። እንዲህ ዓይነት ፋሽን መኖሩን የሚያምን ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ያን ጊዜ ፈራሁ። አንዲት እናት በሕይወት ላለ ልጇ፣ ወይም በሕይወት አለ ብለን ለምናስበው ልጇ፣ ዓይናችን እያየ ለቅሶ ልትቀመጥ ነው፤ እኛም የምንለው ሁሉ ነገሩን ያከፋው ነበር።

አዴ ጥሩነሽ ድንገት ዝም አሉ። ዓይናቸው የለታ ጀርባ ላይ ነበር።

«እሱን አውጣ» አሉ።

«ምኑን?»

«ያን የሰይጣን ክራርህን። ወንድምህ ካልሞተ አውጣና ዝፈን።»

ሐዘን ባለበት ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ወንድሙ መሞቱን እያወቀ እናቱ ፊት የሚዘፍን ሰው ከደራ እስከ አሰላ ቢፈለግ አይገኝም። ይህን እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ሌላ ማስረጃ አይቀበሉም ነበር።

ለታ ጊታሩን አወጣ። ኤሌክትሪክ የለ፣ ማጉያ የለ፤ ድምፁ ማበጠሪያ በጥፍር እንደመነካካት ነው። አዴ ጥሩነሽ ጠጋ ብለው ተቀመጡ፤ የሚያዩት ጣቱን ሳይሆን ዓይኑን ነበር። ከየካሴቱ ቃላት ለቃቅመን የሰፋነውን፣ ትርጉሙን እኛም የማናውቀውን የእንግሊዝኛ ዘፈናችንን ጀመረ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለታም አያውቅም። ስለ ደረጀ ከእናቱ የበለጠ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ከክረምት ወዲህ እሱም እንደሳቸው ነው የሚያድረው። ቢሰበር አለቀ፤ ድንኳኑ ይቆማል። አሸናፊ አጠገቡ የነበረውን ባዶ ጀሪካን ገልብጦ በመዳፉ ይመታለት ጀመር። ለታ የምንጮህበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ከእናቱ ዓይን ሳይነቅል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ጮኸ። ዶሮዎቹ በረሩ። ከሴቶቹ አንዷ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቅ አመለጣት።

አዴ ጥሩነሽ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁ። ተነሡና ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ።

«ሲያስጠላ!» አሉ። «ግቡ፣ ጭኮ አለ።»

ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠርገው ድንኳኑ እንዲመለስ አዘዙ። ሕዝቡም እያጉረመረመ ተበተነ፤ አንዳንዱ ቅር ያለው ይመስል ነበር።

ስንበላ ለታ አንገቱን ደፍቶ «እማ፣ አሰላ ስደርስ ጠጉሬን እቆረጣለሁ» አለ።

«አትነካውም» አሉት። «አሁን አንተ ስትጮህ ለገብርኤል ተስያለሁ። ደረጀ በዚህ በር ሲገባ፣ ያን ቀን እኔ ራሴ እቆርጥልሃለሁ። እስከዚያ መቀስ እንዳያየው።»

አሰላ ተጫወትን። ግማሹ ተማሪ ጆሮውን ይዞ ወጣ፤ ግማሹ ወደ መድረኩ ተጠጋ። ከዚያ ወዲያ ብዙ መድረክ አላገኘንም። አሸናፊ ነጋዴ ሆነ፤ እኔ ሱቅ ከፈትኩ።

ጦርነቱ አለቀ። የተመለሰ ተመለሰ፣ መርዶ የደረሰው አለቀሰ። ደረጀ ግን እሱም መርዶውም አልመጡም። አዴ ጥሩነሽ እስኪሞቱ ድረስ ያን በር ቀን አይዘጉትም ነበር። የቀበርናቸው ጊዜ ሽማግሌዎች ለታን ለብቻው አስቀምጠው ስለቱ ከእናትህ ጋር አብቅቷል አሉት። በአክብሮት አዳመጣቸው።

ዛሬ ለታ አዳማ ውስጥ ጊታር ያስተምራል። ጠጉሩ ሸብቶ ወገቡ ላይ ደርሷል። ወጣቶቹ አብረውት ፎቶ ይነሳሉ፤ የመጨረሻው እውነተኛ ሮከር እሱ ነው ይላሉ። ሮክ እኛን ምን አደረገን ብለው የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ አነባቸዋለሁ፣ እውነትም አላቸው። እኛም ግን እሱን ዝም ብለን አልተቀበልነውም። በተወለደበት አገር ወንድ ልጅ ጠጉሩን የሚያሳድገው እናቱን እንቢ ለማለት ነበር አሉ። እኔ የማውቀው ሮከር የእናቱን ቃል ሲያከብር ሸበተ።

ትናንት ክር ሊገዛ ከአንዲት ተማሪው ጋር መጥቶ ነበር። ልጅቷ ጠጉሩን እያየች «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚቆረጡት?» አለችው።

«ወንድሜ ሲመጣ» አላት።

«ዛሬ ይመጣሉ?»

ለታ አዲሱን ክር እየቃኘ ነበር።

«እንጃ» አለ፤ «ቆየ።»