የአያቴ «ደህና ነኝ»

አያቴ «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን!» ሕመምን መናገር ፈጣሪን ማማረር ይመስላቸው ነበር።

ከቢቸና ተነሥተው ለቡአ ኦፕራሲዮን እኔ ወደምሠራበት ሩቅ ሆስፒታል መጡ። ሐኪማችን ከኦፕራሲዮን በኋላ ማን እንደሚድን፣ ማን ለምን እንደሚሞት ያጠና ስለነበር፣ በሽተኞችን አስቀድሜ እየጠየቅሁ የምመዘግበው እኔ ነበርሁ።

«አባባ፣ ሳል አለብዎት?»

«ደህና ነኝ አልሁሽ! ከፈጣሪዬ ልታጣይኝ ነው?»

ጠዋት ሲስሉ ሰምቻለሁ። ቃላቸውን ማስተባበል ድፍረት መስሎኝ «የለም» ብዬ ጻፍሁ። ኦፕራሲዮኑ በተደረገ በአምስተኛው ቀን ሳንባቸው ታምሞ ዐረፉ። ሐኪሙ «ጤነኛ ነበሩ፤ ምን ነካቸው?» ሲል መዝገቡን ዘጋሁት።

ዛሬ ቢቸና ላይ ተዝካራቸው ሲወጣ፣ እኔ እዚህ መዝገቡን ከፍቼ «የለም» ያልሁትን ሰረዝሁና «ይስሉ ነበር፤ አውቅ ነበር» ብዬ ጽፌ ለሐኪሙ ሰጠሁት። አንብቦ ሲያበቃ «አንቺስ ደህና ነሽ?» አለኝ።

የአባባ መልስ ከአፌ አልወጣ አለኝ።