«ስውራን ናቸው በሉ»

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በዚያ ክረምት የርብ ወንዝ ዳሩን ጥሶ የፎገራን ሜዳ ሸፍኖት ነበር። ከወረታ ወጣ ብላችሁ ወደ ጣና በኩል ብታዩ የሩዙ ማሳ የት አልቆ ሐይቁ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ከእኔ ጋር የነበረው የአክስቴ ልጅ ይርጋ ብቻ ነው። እሱ የደንገል ታንኳ ይቀዝፋል፣ እኔ መሣሪያ እይዛለሁ። ለብዙ ዓመት አብረን አድነናል፤ ግን ሰብል የሚያጠፋ አሳማና ጃርት እንጂ ሰው የገደለ አውሬ ተከትለን አናውቅም ነበር።

ያን ጊዜ የተከተልነው ወንድ ጉማሬ ነው። ሩዙን ሲያርም ውሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ጎረቤታችንን ውሃ ዳር አግኝቶ ገደለው። ሰውየው ከመሞቱ በፊት በያዘው ጦር ጉማሬውን ግራ ትከሻው ላይ ወግቶት ኖሮ፣ አውሬው ከዚያ ወዲያ የሚንቀሳቀስ ነገር ባየ ቁጥር የሚያባርር ሆነ። እንዲገደል ፈቃድ ተሰጠ፤ ሽማግሌዎቹም ቤቴ ድረስ መጡ። የአባቴን ቤልጅግ ጠመንጃና አምስት ጥይት ይዤ ወጣሁ። ጥይቶቹ አሮጌ ነበሩ። በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኳቸው።

የጉማሬ ዱካ አይጠፋችሁም። አራት ጣት ነው፣ ሳህን ያህላል፣ ጭቃው ውስጥ ጠልቆ ይገባል። የዚህኛው ደግሞ የፊት ግራ እግሩ ስለሚጎተት ከኮቴው ኋላ እንደ ማረሻ ትልም ያለ ጭረት ይተዋል። በሄደበት ሁሉ ሩዙ እንደ ምንጣፍ ተኝቷል። የመጀመሪያውን ቀን ያን ጭረት ስንከተል ዋልንና ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠፋብን።

በማግሥቱ ጠዋት ታንኳችንን ስንፈታ አንዲት ሴት ጉልበቷ ድረስ በውሃ እየሮጠች መጣች። አለምነሽ ናት፤ ቤቷ ከሜዳው ጠርዝ ነው። ሁለት ልጆቿ፣ የሰባት ዓመቷ ትርንጎና የሦስት ዓመቱ አቡሽ፣ ወፍ ሊጠብቁ ማሳ እንደወረዱ ደራሹ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦባቸው ከትናንት ጀምሮ የት እንደገቡ አይታወቅም።

«አያ ታፈረ፣ ሬሳቸውንም ቢሆን ያምጡልኝ!» አለችኝ እግሬ ላይ ወድቃ። «ለብሰውት የሄዱትን ጨርቅም ቢሆን!»

ኋላዋ የመንደሩ ሰው ተከትሏት ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሸምገል ያሉ መሪጌታ ሊያጽናኗት «ስውራን አንስተዋቸው ይሆናል፣ አይዞሽ» አሏት።

እናንተ ልጆች በስልካችሁ ፊልም የምታዩዋቸው፣ ጆሯቸው የሾለ፣ የማያረጁ የዱር ሰዎች አሉ አይደል? ባለፈው «የሰው ልጅ ጠፍቶ ቢያገኙ ይመልሱታል ወይስ እዚያው ያስቀሩታል?» ብላችሁ ስትከራከሩ ሰምቻለሁ። የእኛዎቹ ስውራን ይባላሉ። በደሴቱና በጫካው ከዓይን ተሰውረው የሚኖሩ ቅዱሳን ናቸው። የጠፋ ልጅ ሲያገኙ አብልተው፣ አጠጥተው፣ እንቅልፍ ሲወስደው ከደጃፉ ያስቀምጡታል ይባላል። ልጁን ከወደዱት ግን የእናቱን ስም አስረስተው ያስቀሩታል የሚሉም አሉ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱንም አምን ነበር።

ሌላም የማምነው ነገር ነበር፤ እሱን ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን ካልነገርኳችሁ ወሬው ጎደሎ ይሆናል። ከሜዳው ማዶ፣ ከጉብታው ላይ፣ ወርቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ ብቻዋን ትኖራለች። ድስቷን እንገዛለን፣ ቤቷ ግን አንገባም። ልጅ ሲታመም ስሟ ይነሳል። ቡዳ ናት፣ ጅብ ሆና ትሄዳለች ይባላል። መሪጌታው ስውራን ሲሉ ከኋላቸው አንድ ሰው ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «ደንገሉ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ጅብ ካየህ ጅብ አይደለም፤ እንዳትምረው» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩት። እንዲያው በቀላሉ፣ ውሃ አምጣ እንደተባለ ሰው፣ «እሺ» አልኩት።

ሌሎቹ ወደ ወንዙ፣ እኛ ወደ ሐይቁ ሄድን። ጧት ዘንቦ አባርቶ ነበር። አንድ ከውሃው ብቅ ያለ ጭቃ ላይ ያን የማውቀውን ጭረት አየሁት። ይርጋ ታንኳውን ሲያስጠጋ ጎንበስ አልኩ። ከጉማሬው ኮቴ ውስጥ፣ ከመሀሉ፣ የሰባት ዓመት ልጅ የሚያህል ተረከዝ ታትሟል።

«ይርጋ፣ ና እይ።»

አየና አማተበ። የዝናብ ጠብታ የጉማሬውን ኮቴ በስቶታል፣ የልጅቷን ግን አልነካውም። ስለዚህ ልጅቷ ያለፈችው ካባራ በኋላ ነው፤ በሕይወት አለች ማለት ነው። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም። ከልጅቷ እግር አጠገብ ጫማ ያላደረገ የትልቅ ሰው እግር አለ። የትንሹ ልጅ ዱካ ደግሞ የለም። የትልቁ ሰው ተረከዝ ግን ሸክም እንዳለበት ሁሉ ጠልቆ ገብቷል።

«ይዛቸው ሄዳለች» አለ ይርጋ። ማን እንደሆነች አልጠየቅሁትም፤ እሱም ስም አልጠራም።

ዱካው ደንገሉ ውስጥ ይገባል። ጉማሬ ሲመላለስበት ደንገሉን እያጋደመ እንደ ዋሻ ያለ መንገድ ይሠራል፤ እሱን ይዘን ገባን። ይርጋ ከኋላዬ ውሃው ውስጥ ቆሞ ታንኳውን ያዘ፤ እኔ ቤልጅጌን አቀባብዬ ጭቃው ላይ ወጣሁ። ጢስ ሸተተኝ። በዚያ ረግረግ መሀል ጢስ! ወዲያው ደግሞ ያልቀዘቀዘ የጉማሬ እበት አየሁ፤ አሁንም ይጨሳል። ዋናው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። እበቱን ያየ አዳኝ ጀርባውን ዞሮ ውሃውን ማየት ነበረበት። እኔ ግን ልቤ ሌላ አውሬ ፍለጋ ሄዷል።

ከሃያ እርምጃ ላይ ደንገሉ ተነቃነቀ። ዳለቻ ነገር፣ ጀርባው የጎበጠ፣ በአራት እግሩ እየዳኸ ወደ እኛ ይመጣል። ጅብ ነው። ዓይኔ ጅብ አየ ነው የምላችሁ! ጆሮውን አየሁ፤ የትከሻውን ፀጉር አየሁ። አነጣጠርኩ። ከኋላዬ ይርጋ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ «በለው!» አለኝ። የቤልጅጌ ምላጭ መጀመሪያ ላላ ይላል፣ ከዚያ ይከብዳል፤ የላላውን ጨርሼ የሚከብደው ላይ ደርሻለሁ።

አውሬው ተነሥቶ በሁለት እግሩ ቆመ።

ወርቄ ናት። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ጭቃ ተቀብታለች። አንድ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «ዝም በሉ» ማለቷ ነው። በሌላው እጇ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ውሃ ታመለክታለች።

ገና ስዞር ውሃው ፈነዳ። ጉማሬው ታንኳችን ሥር ተኝቶ ኖሯል። ታንኳውን ከመሀሉ ነክሶ ሁለት አደረገው፤ ይርጋ እንደ ጨርቅ ተወርውሮ ደንገሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ያን የሚያህል ሥጋ እንደዚያ ይሮጣል ብላችሁ አታስቡም። አፉን ሲከፍት ውስጡ ሮዝ ነው፤ ክራንቻው ክንድ ያህላል። ምላጩን ሳብኩት። ጠቅ አለና ከሸፈ። ጥይቷ ሞታለች።

መቀርቀሪያውን ስቤ ሁለተኛዋን አጎረስኩ። አንድ እርምጃ ሸሸሁና ጭቃው ጉልበቴ ድረስ ዋጠኝ። ሞትኩ አልኩ። ያኔ በጆሮዬ ሥር አንድ ነገር እየጮኸ አለፈ። ወርቄ ናት፤ እሳቷን የምትይዝበትን ገል ከነፍሙ አንስታ ሮጣ መጥታ የተከፈተው አፍ ውስጥ ወረወረችው። ጉማሬው ገሉን ሲያደቀው ሰማሁ። ከዚያ እያጓራ ራሱን ወደ ጎን አዞረ፤ ከጆሮው ሥር ያለውን ቦታ አሳየኝ። ሁለተኛዋ ጥይት እዚያ ገባች። ፊት እግሩን አጥፎ፣ ለጸሎት እንደሚንበረከክ ሰው ቀስ ብሎ፣ ከእኔ አንድ ዘንግ በማይሞላ ርቀት ላይ ወደቀ።

ይርጋ ክንዱ ተሰብሮ ያቃስታል። ወርቄ ቃጠሎ የደረሰባቸውን መዳፎቿን ውሃ ውስጥ ነከረች። ከዚያ ወደ ደንገሉ ዞራ «ውጡ፣ ሰዎች ናቸው» አለች።

ትርንጎ ወንድሟን እጁን ይዛ ወጣች። እነሱም እንደ ሴትዮዋ ጭቃ ተቀብተዋል፤ ከዓይናቸው በቀር ምናቸውም አይታይም። ሁለት የሸክላ ልጆች ፊቴ ቆሙ። ትንሹ የደንገል ሥር ያኝካል።

«ጭቃው ለብርድና ለትንኝ ነው» አለች ወርቄ፣ ሳልጠይቃት። ለሸክላ የሚሆን አፈር ልትቆፍር ወርዳ ደራሹ በእሷም ላይ መንገዱን ቆርጦባት ነበር። ልጆቹ ሲያለቅሱ ሰምታ አንገቷ ድረስ በውሃ ገብታ አወጣቻቸው። የያዘችውን ቆሎ ሰጠቻቸው። እሷ ግን ምንም አልቀመሰችም፤ ይህንን የነገረችኝ ትርንጎ ናት። በማታውም በነጠላዋ ከወገቧ ጋር አስራቸው ቁጭ ብላ አደረች። ጧት ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ ስትሄድ ጉማሬው ከኋላ ገብቶ መውጫውን ዘጋባት።

«ለምን አልተጣራሽም? ድምፃችንን ሰምተሻል እኮ!» አልኳት።

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን ትድኺያለሽ?»

«ማን እንደሆናችሁ አይቼ ልጆቹን ልልክላችሁ ነበር፤ እኔ እዚያው ልቀር። ልጅ ይዤ ብታገኙኝ ምን ልትሉኝ ነው፣ ጌታዬ?»

መልሱ እጄ ላይ ነበር፤ አፈሙዙ ገና አልቀዘቀዘም።

ይርጋን ደግፈን ውሃው እስከሚጎድልበት ቦታ ድረስ በዳሩ ተጓዝን። መንደሩ ሲታይ ወርቄ ቆመች። ልጆቹን ተንበርክካ ፊታቸውን አጠበችና «ያልኳችሁን አትርሱ» አለች። ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። ወርቄም በጉብታው በኩል ሄደች።

አለምነሽ ልጆቿን ስታይ እንደ ሰው አልጮኸችም፤ ያን ድምፅ ከእንስሳም ሰምቼ አላውቅም። እልልታው ካለፈ በኋላ መሪጌታው ትርንጎን «ማን መገበሽ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቋት።

«ስውራን ናቸው» አለች። ጭቃ የተቀባችው ሴት እንዲህ እንድትል አስጠንታት ኖሯል። «ስውራን ናቸው በሉ፤ ያኔ ሁሉም ደስ ይለዋል» ብላቸው።

ሁሉም ደስ አለው። ሰዉ መሬት ሳመ። እኔ ቆሜ ነበር፤ ይርጋም በሽክና ውሃ እየጠጣ ዓይን ዓይኔን ያያል። አልተናገርንም። ጉማሬውን የገደለ ጀግና ተብዬ ተሸከሙኝ፤ ትከሻቸው ላይ ሆኜም ዝም አልኩ። ከጉማሬው አፍ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ያ ዝምታዬ ነው። ሴትዮዋን በጥይት ልገድላት ነበር፤ ሳይሆንልኝ ቀረ፤ ቀጥዬ ደግሞ በዝምታ ገደልኳት።

መስከረም ውስጥ፣ የወረታ ገበያ ቀን፣ ወርቄ ድስትና ጀበናዋን ደርድራ ተቀምጣለች። መዳፏ ገና በጨርቅ ተጠቅልሏል። አለምነሽ ልጆቿን ይዛ ስታልፍ፣ እንደ ሁላችንም ልማድ፣ የትንሹን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችው። ልጁ ግን ከነጠላው ሥር አየ። ሦስት ዓመቱ ነው፤ ወርቄ ያስጠናቻቸው ውሸት አልገባውም። ከእናቱ እጅ አምልጦ በባጃጆቹ መሀል ሮጠና ወርቄ አንገት ላይ ተጠመጠመ። አፍንጫውን ደረቷ ውስጥ ቀበረ።

አለምነሽ ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ፣ አንዱ ድንጋይ አነሣ። ወርቄ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ልጁን እንዳልያዘችው ለሕዝቡ ታሳያለች።

ያኔ ነው አፌ የተፈታው። ሸክላው መሀል ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ፦ ዱካውን፣ ቆሎውን፣ ገሉን፣ ምላጩን። «ስውራን» ያላችኋት ይቺ ናት አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ድንጋይ የያዘው ሰው ድንጋዩን የሚጥልበት ጠፋው። አለምነሽ ትርንጎን አየቻት፤ ትርንጎ አቀርቅራ ማልቀስ ጀመረች። እናቲቱ ቀረበችና ከወርቄ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ገበያው እስኪፈታም አልተነሣችም።

ሁሉም ሰው ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ስሟን እየጠሩ የሚያማትቡ አሉ። እኔ ግን በሳምንቱ ወደ ጉብታው ወጣሁ፤ ያን ቤት ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ወርቄ አንድ እንስራ እያለሰለሰች ነበር። ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«አልተኮሱም እኮ» አለችኝ።

«በልቤ ተኩሻለሁ፣ እህቴ። ጅብ ነው ያየሁት።»

ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረደችልኝ። እርጥብ እጇን እንስራው ላይ መልሳ ሥራዋን ቀጠለች።

«ሰው መሆኔን ያዩት ስቆም ነው» አለችኝ። «ስድህም ማየት ይልመዱ።»