ቅርጫቱ ሲያጋድል

የፎቅ መስታወት አጣቢ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ሴት ልጇን ያሳደገችው በዚሁ ሥራ ነው። ከፍታ ግን እንደ ሞት ትፈራለች። «ታዲያ እዚያ ላይ ምን አወጣሽ?» ሲሏት «ሆድ!» ትላለች፣ ነገሩን በሳቅ ለማለፍ። ጠዋት ጠዋት ቅርጫቱ ከጣሪያው ጫፍ ወደ ባዶው ሲወጣ የመደገፊያውን ብረት በሁለት እጇ ጨምድዳ ትይዛለች። ቅርጫት የሚሉት በሁለት የብረት ገመድ የሚንጠለጠለውን፣ ሁለት ሰው የሚያስቆመውን ረጅም የብረት ሣጥን ነው። በየጫፉ ያለው ሞተር ገመዱን እየጠቀለለ ያወጣዋል፣ እየለቀቀ ያወርደዋል።

አብሯት የሚወጣው ሰውዬ ሻምበል ይባላል። የጦር ሠፈር ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ስሙ የወጣለት ማዘዝ ስለሚወድ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጣት «ጋሼ» እያለች አንቱ ትለዋለች። ተዋደው ነው የሚሠሩት፤ የማይስማሙት በሙዚቃዋ ብቻ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧን የሰጠችው አንድ የሮክ ባንድ አለ። ቋንቋቸውን አትሰማም፤ ዘፋኙ ምን እንደሚል ጠይቃም አታውቅ። ኪሷ ውስጥ ያለውን ስልክ ስትከፍተው ሻምበል ጆሮውን ይይዛል።

«ይሄ ዘፈን ነው? ድስት ደረጃ ላይ ሲንከባለል ነው እንጂ!»

«ድስቱ ባዶ አይደለም ጋሼ፤ ረጋ ብለው ይስሙት» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እያሉ ነፋስ ተነሣ። ሻምበል «እንውረድ» ብሎ ቁልፉን ተጫነ። የእሷ ጫፍ ባለበት ቆመ፤ የእሱ ጫፍ ግን ድንገት ሸርተት ብሎ ወረደ። ባልዲዎቹ ተንሸራተው ወደ ታች ሄዱ፤ መሬት ሲመቱ የተሰማው ድምፅ በጣም ዘግይቶ ነበር የመጣው። እሷ በላይኛው ጫፍ የመደገፊያውን ብረት አቅፋ ቀረች። ሻምበል ታችኛው ጥግ ላይ ተከመረ። ግማሽ አካሉ ውጭ ነው፤ የያዘው ወገቡ ላይ የታጠቀው የደህንነት ቀበቶ ብቻ ነው።

ከዚያ የባሰውን አየች። የሻምበል እጅ የቀበቶውን መቆለፊያ እየዳበሰ ነው።

«ልፍታው… ገመዱን ይዤ ልውጣ…» ይላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ጋሼ፣ እንዳይፈቱት!»

አልሰማትም።

«አንተ! እጅህን አንሣ!»

በሕይወቷ አንተ ብላው አታውቅም። እሱ ግን ያንንም አልሰማ፤ አውራ ጣቱ መቆለፊያው ላይ ነው። ያኔ ነው ሳታስበው ከባንዱ ዘፈኖች አንዱ ከጉሮሮዋ ፈንቅሎ የወጣው። ለምን እንደሆነ ዛሬም አታውቅም። ከዘፈን ይልቅ ጩኸት ነበር፤ ቃሉ የተጎራረደ፣ ዜማው የሚንቀጠቀጥ። በአንድ እጇ ብረቱን እንደያዘች በሌላው መዳፏ የዘፈኑን ከበሮ መስታወቱ ላይ ትመታለች።

የሻምበል ጣት ቆመ።

ከመስታወቱ ወዲያ ጸጉሯን ሽበት የወረራት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከወንበሯ ብድግ አለች። አፏን በእጇ ያዘች፤ ዞር ብላ ለባልደረቦቿ ጮኸች፤ ከዚያ ወደ መስታወቱ ተጠግታ ጆሮዋን ሰጠች። ፊቷ ተለወጠ። መዳፏን አንሥታ ከውስጥ በኩል መምታት ጀመረች፤ ከበሮው ለአፍታ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ እሷም ዝም እያለች። ዘፈኑን ታውቀዋለች!

መስታወት አጣቢዋ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀና ሲል ተሰማት። ፍርሃቱማ የት ይሄዳል። ግን አሁን ብቻዋን አልነበረችም።

ነፋሱ ገፋቸው፤ ቅርጫቱ ሲጢጥ ብሎ እንደገና ዝቅ አለ። ዘፈኑ አፏ ላይ ቀረ።

«አታቁሚ» አላት ሻምበል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ስታቆሚ ነፋሱ ነው የሚሰማኝ።»

ቀጠለች። ድምፅዋ ሲዘጋ የሴትዮዋ መዳፍ ከውስጥ ቀጠለላት። ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት አታስታውስም። በመጨረሻ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከጣሪያ በገመድ ወርደው፣ አጠገባቸው ያለውን መስታወት ሰብረው፣ መጀመሪያ ሻምበልን ቀጥሎ እሷን ወደ ውስጥ አስገቡ።

ምንጣፉ ላይ ተዘርግታ ጥርሷ ሲንገጫገጭ የሒሳብ ሠራተኛዋ ጭንቅላቷን ደግፋ አቀፈቻት።

«አይዞሽ የኔ እናት። እኔኮ ያበድኩ መስሎኝ ነበር! እናቴ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማው የከረምኩት ዘፈን ነው።»

ሻምበል ከዚያ ወዲያ ፎቅ አልወጣም። አሁን መጋዘን ውስጥ ገመድ ይመረምራል፤ አንዲት ክሯ የተነሣባት ገመድ ካየ፣ አለቃ ተቆጣ አልተቆጣ፣ አውጥቶ ይጥላታል። እሷ ሌላ ሙያ ስለሌላት የተበላሸው ሞተር ሲለወጥ ወደ ቅርጫቱ ተመለሰች። ፍርሃቱ ግን ቤቷ ድረስ ተከትሏታል። ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ መስቀል አቅቷት ልጇ ናት የምትሰቅለው። የባንዱን ሌሎች ዘፈኖች ትሰማለች፤ ያ ዘፈን ሲጀምር ግን እጇ ይሮጣል፣ ታልፈዋለች። በጊታሩ መሃል የቅርጫቱ ገመድ ሲጢጥ ሲል ይሰማታል።

ከወራት በኋላ የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለችላት።

«እሁድ ነይና አብረን እንስማው። ካስፈራሽ እናጠፋዋለን።»

«ቤትዎ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?»

«ምድር ላይ ነው፣ አትስጊ።»

እሁድ ሄደች። እስከ መሃሉ ድረስ ሰሙት።