እንትፍ በይባት ያልኳት ሴት

ጎንደር ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ጠንቋይና ጣዖት አምላኪ እያለ ሕዝቡን ያሳደደ፣ በገዛ ልጆቹ ሳይቀር የጨከነ ንጉሥ ጋ ስደርስ ድምፄ ከፍ ይላል። ዙፋኑ ያሰጋው ንጉሥ ጠቋሚ ሲያበዛ፣ የተጠቆመ ሁሉ ጥፋተኛ ሆነ እላለሁ። ሌሎቹ ነገሥታት ደግሞ አልጠመቅም ያለውን ቤተ እስራኤል ርስቱን ነሱት። መሬት ያጣው ሰው ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ። ከዚያ እሳት ይዟልና ቡዳ ነው አሉት። ነጥቀውት ሲያበቁ ፈሩት! ይህን ስናገር ደሜ ይፈላል፤ ተማሪዎቼም ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ፣ ታናሽ እህቴ ትክል ድንጋይ አጠገብ ባለው መንደራችን ታማለች ተብዬ ተጠራሁ። ከቆላ፣ ከሰሊጥ አረም ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነው። አንዴ ያንቀጠቅጣታል፣ አንዴ ላብ ያጠምቃታል። ወባ ነው ለማለት ሐኪም መሆን አያሻም። መኪና ተኮናትሬ ሄድኩ።

ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አጎቴ ጤና አዳም አፍንጫዋ ላይ ይዞ፣ "ማን ነሽ? ለፍልፊ!" ይላታል። ምን ትለፍልፍ፣ ራሷን አታውቅ። ዝም ስትለው እሱው ስም ይሰጣት ጀመር። "ሸክላ ሠሪዋ ነሽ? ተናገሪ!" ደጋግሞ ሲጮህባት "አዎ" አለች። በዚያ ትኩሳት ንግሥተ ሳባ ነሽ ቢላትም አዎ ትል ነበር።

ሸክላ ሠሪዋ ዘመዶቿ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ብቻዋን የቀረች መበለት ናት። የመንደሩ ድስትና ማሰሮ ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው። በእኛ ልማድ ደግሞ በላች የተባለችው ሴት ተጠርታ በታማሚዋ ላይ እንትፍ ካለች ቡዳው ይለቃል። ሁለት ጎረምሶች ጎትተው አመጧት።

"አያ፣ ልጅቷን ሐኪም ቤት ላድርሳት" አልኩት አጎቴን።

"ሳይለቃት ከዚህ ቤት አትወጣም!" ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

የእህቴ ዓይን ተገልብጧል። ለክርክር ጊዜ የለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሴትዮዋ እግር ላይ ወደቅሁና ሌላው እንዳይሰማ በሹክሹክታ ለመንኳት።

"እናቴ፣ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ግን እንትፍ በይባትና መንገድ ይልቀቁልኝ።"

ትክ ብላ አየችኝ። "እንትፍ ካልኩ እኮ በላኋት ብዬ አመንኩ ማለት ነው፣ ልጄ።"

"እኔ እመሰክርልሻለሁ።"

ሄዳ የእህቴን ግንባር ዳሰሰች፤ ከዚያ እንትፍ አለችባት። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

እህቴን ጎንደር ወሰድኳት። ደሟ ሲመረመር ወባ ሆነ። መድኃኒቱን ጀምራ በሦስተኛው ቀን ምግብ ጠየቀች። መንደሩ ግን እንትፍ ስትልባት ዳነች አለ። ድስቷን የሚገዛ ጠፋ። ከምንጩ እንዳትቀዳ ከለከሏት፤ ካልሄድሽ ቤትሽን እናቃጥላለን የሚሏትም መጡ። ስሰማ ተቃጠልኩ። የሐኪም ቤቱን ወረቀት ይዤ ወደ መንደሩ ተመለስኩና ሽማግሎቹን አሰባሰብኩ። ክፍል ውስጥ የምለውን ሁሉ አልኳቸው፣ ወረቀቱን አነበብኩላቸው፣ አፈርኩባችሁ ብዬም ጮህኩ።

አጎቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ሸጋ ተናገርህ" አለ። "ውሸት ከሆነ ታዲያ ምነው ለመንሃት? እኛ ጠረጠርን እንጂ እርግጠኛ አልነበርንም። የተማርከው ልጃችን እግሯ ላይ ወድቀህ ስትለምናት ባየን ጊዜ ነው ያመንን።"

ሽማግሎቹ ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትዮዋ ከኋላቸው ቆማ ትሰማ ነበር። እኔ ወረቀቱን እንደገና ስዘረጋ፣ እሷ ዕቃዋን ልትሰበስብ ወደ ቤቷ ሄደች።