ሆዴ ላይ የተሣሉት ጡንቻዎች

ባለፈው ወር ሐኪሙ ቡአዬን ከመክፈቱ በፊት የሚቀደደውን ቦታ በእስክሪብቶ ሲያሰምርብኝ ሳቄ አመለጠኝ። ነርሷ "አባባ፣ ምን ያስቅዎታል?" አለችኝ። "አባባ" ማለቷን ይቅር ብያታለሁ። ያቺን ቀዝቃዛ ጫፍ ሆዴ ያውቃታል።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ቦንጋ ውስጥ ማንኪራ ከሚባል መንደር ከመጣ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ጓደኛዬ የጤና ተማሪ ነበር። የሆድ ግድግዳን ፈተና አንዴ ወድቋል፤ ዳግም ከወደቀ ትምህርቱ ቀርቶ ወደ አባቱ የንብ ቀፎ መመለሱ ነው። ሥዕል ያለው መጽሐፍ ለመላው ክፍል አንድ ብቻ ስለነበር ያየውን በቃሉ ይዞ እየሮጠ ይመጣና እኔ ላይ ይሥለዋል። ያኔ ከመክሳቴ የተነሣ ሆዴና ጀርባዬ በሹክሹክታ ይነጋገሩ ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ክፍላችን እርጥብ ሹራብና ቀለም ይሸታል።

"የላይኛው፣ እጅህን ኪስ ስትከት ጣቶችህ እንደሚያመለክቱት ወደ ታች ይወርዳል። ሥሩ ያለው በተቃራኒው። የመጨረሻው እንደ መቀነት አግድም ይዞርሃል። መሃል ላይ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ሁለት አሉ። የምትስቀውም የምታለቅሰውም በነዚሁ ነው።"

እኔ ተኮርኩሬ እፈራገጣለሁ።

"አትሳቅ! አንተ ስትስቅ እኔ እወድቃለሁ!"

አንድ ቀን ባለሱቋ አከራያችን በሩን ገፋ አድርገው አዩኝ። "ያ ረቢ! ይሄን ልጅ ማን ነቀሰብኝ?"

"ፈተና ነው እትዬ፣ በውሃ ይለቃል።"

"ታዲያ በራስህ ሆድ አትጽፍም?"

"በራሴ ሆድማ ተገልብጦ ይታየኛል!"

ውጤት የወጣ ዕለት ገብቶ ሸሚዜን ገለበና እምብርቴ አጠገብ በቀይ ቀለም ትልቅ ራይት አደረገብኝ። ያንን ራይት ሰባት ዓመት አልታጠብኩትም ብል ማን ይከሰኛል?

ዋጫ የምትባል ከተማ ጤና ጣቢያ ተመድቦ ሄደ። በሁለተኛው ክረምት የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ማንኪራ ቀበርነው።

በማግስቱ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ፤ ከልቅሶው ብዛት ሆዴ በሙሉ ቆስሎ ነበር። ጣቴን ከጎኔ ጀምሬ እያሳለፍኩ የሚያመኝን ሁሉ በየስሙ ጠራሁት፤ የላይኛውን፣ ሥሩ ያለውን፣ አግድም የሚዞረውን፣ ሁለቱን ቀጥታዎች። አንድም አልሳትኩም። ራይት የሚያደርግልኝ ግን አልነበረም።