ጫማ አውልቆ ማዕበል መጠበቅ

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ያስተማረችኝ ሚስቴ ናት፤ በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ በቢላዋው ጫፍ ፊደሉን እያሳየች፣ ስሳሳት እየሰደበች። አማርኛውን ስጨርስ እንግሊዝኛውን ቀጠልኩ። ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ያየውን ሁሉ ያነባል፣ ያነበበውን ሁሉ ያምናል። እኔ የሻምፖ ጠርሙስ ጀርባ አነባለሁ። የመኪና ጎማ ላይ የተጻፈውን አነባለሁ። በልጅነታቸው የተማሩ ሰዎች የተጻፈ ነገር ሊዋሽ እንደሚችል ገና ትምህርት ቤት ሳሉ ያውቁታል። እኔ ግን ጽሑፍን እንደ ክቡር እንግዳ ነው የምቀበለው፤ የሚለኝን ሁሉ አደርጋለሁ።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሃሪኬኑ ቀን ያደረግኩትን ስትሰሙ ቶሎ እንዳትስቁብኝ ነው። ቆይታችሁ ትስቃላችሁ።

እኛ የምንኖርበት፣ ዳላስ አጠገብ ያለው ግራንድ ፕሬሪ ከባሕሩ በጣም ይርቃል። ሃሪኬን፣ ከባሕር የሚነሳው ማዕበል፣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ደክሞት ነው፤ ዝናቡና ጅራቱ ብቻ ይቀራል። ጅራቱ ግን አንዳንዴ ቶርኔዶ የሚሉትን አውሎ ነፋስ ይወልዳል። ይህን እዚህ አካባቢ የኖረ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን የዚያን ቀን ጠዋት ስልኬ ላይ «ሃሪኬን ሲቃረብ ቤትዎን እንዲህ ያዘጋጁ» የሚል በአማርኛ የተጻፈ ረጅም ምክር መጣ። ለባሕር ጠረፍ ሰዎች የተጻፈ ነው አይልም። «እርስዎ» ነው የሚለው። እኔን በጽሑፍ «እርስዎ» ያለኝ ሰው ብዙ የለም።

ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የምነዳበት መጋዘን፣ ዌርሃውሱ፣ በግማሽ ቀን አሰናበተን። ሚስቴ የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ እሷን የሚያሰናብት የለም፤ ሽማግሌዎቹን ጥሎ አይወጣም። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬን ሳስነሳ ደወለች።

«ስማ፣ እኔ ሺፍቴን ሳልጨርስ አልወጣም። እናቴን አደራ።»

«ምን ይሆናሉ? ሃሪኬኑ ነው እሳቸውን የሚፈራው።»

«ቀልድህን ተው። የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ መስኮት የሌለበት ክፍል አስገባት። እናቴ አንድ ነገር ብትሆን እኔ እዚያ ቤት አልመለስም። ሰማህ?»

ሰማሁ። ሚስቴ የማታደርገውን አትናገርም።

አማቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ መኝታቸው ምድር ቤት ነው። ልጃቸውን ለማግባት ስጠይቅ «ስሙን መጻፍ ይችላል?» ብለው የጠየቁ ሴት ናቸው። አልችልም ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደ ሰው ቢያዩኝም እንደ ተማረ ሰው አይተውኝ አያውቁም፤ ዛሬም ፊታቸው ጋዜጣ ስገልጥ ሥዕሉን የማይ ይመስላቸዋል።

ወደ ሱቅ ሄድኩ። ከእኔ በፊት ዳላስ በሙሉ ሄዶ ኖሯል። ውሃ አልቋል፤ የቀረው የዱባ ዘመድ የሆነ አረንጓዴ ነገር ጣዕም የተጨመረበት ጋዝ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ባትሪ አልቋል። ሻማ አልቋል፤ የቀረው ለልደት ኬክ የሚሆነው ቀጭን ሻማ ነው። ሁሉንም ገዛሁ። መስኮት በጣውላ ይሸፈን ስለሚል ጣውላም ገዛሁ፤ ግን መኪናዬ ውስጥ አልገባ አለኝ። ገፋሁት፣ አጋደምኩት፣ ጣሪያው ላይ ላስረው ሞከርኩ፤ ገመድ የለኝም። አንድ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጸኝ ጣውላውን መልሼ ወደ ዌርሃውሱ ዞርኩና ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ትልልቅ ካርቶን ጭኜ ተመለስኩ።

አዎ፣ ካርቶን። ለዝናብ።

መስኮቶቹን በካርቶንና በፕላስተር ከውጭ ሳለብስ ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ ሥጋ እየጠበሰ ነበር። ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ። «እየለቀቃችሁ ነው?» አለኝ። ሃሪኬን ነው አልኩት። ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ ሥጋውን ገለበጠ።

ከዚያ ምክሩ «የመታጠቢያ ገንዳውን ውሃ ይሙሉ» ስለሚል ከአማቴ መኝታ አጠገብ ያለውን ገንዳ እስከ አፉ ሞላሁት። የመጨረሻው ነገር ስለነበር ወገቤን ይዤ ቆሜ ውሃውን አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የተማርኩ ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ያለችው ልጄ የደወለችው ያኔ ነው።

«አባዬ፣ ሶ፣ ቶርኔዶ ሊመጣ ይችላል እያሉ ነው፣ ኦኬ? ከመጣ አንተና እማማ ባዝተብ ውስጥ ነው የምትገቡት። ከላይ ፍራሽ ታደርጋላችሁ።»

«ገንዳው ሞልቷል።»

«ሞልቷል ማለት? በምን?»

«በውሃ ነዋ! ገንዳ በምን ይሞላል?»

«አባዬ፣ ዋይ?»

«ተጽፏል!»

ልጄ ሳቅ ስትይዝ በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው፣ በስልክም ይሰማል። «አባዬ፣ ያ ባሕሩ ዳር ላሉት ለሂውስተን ሰዎች ነው። እነሱ ውሃ ስለሚጠፋባቸው ነው። አንተ ኢምፕቲ አድርገው፣ ፕሊስ።»

ገንዳውን አፈሰስኩት። ሂውስተንን እየረገምኩ።

አማቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ክፍሉ በእኔ ካርቶን ጨልሟል።

«እማማ፣ ይነሱ። መታጠቢያ ቤት እንግባ።»

«ታጥቤያለሁ።»

«ለመታጠብ አይደለም። ነፋሱ ሲመጣ መስኮት የሌለው እሱ ነው።»

«ሽንት ቤቱን ነው የምትለው?»

«ሽንት ቤትም አለበት። ግን…»

«መጽሐፌን ይዤ ሽንት ቤት?»

«መጽሐፉን እዚህ ይተዉት።»

«ያለ መጽሐፌ ሞት ልጠብቅ?»

«ሞት ማን አነሳ?»

«አንተ ነህ እንጂ! ከመጣህ ጀምሮ ቤቱን በካርቶን የምትከፍነው ማን ሆነና ነው?»

መቀመጫውን በጋቢ እሸፍነዋለሁ አልኳቸው። «ጋቢ ስላለበስከው ሽንት ቤትነቱ ሊቀር ነው?» አሉኝ። ልጅዎ ናት ያዘዘችኝ አልኳቸው። «ልጄ እኔን አታዝዝም» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ምክሩን ላነብላቸው ጀመርኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ስማ አንተ ልጅ። እኔ ነፋስ አልፈራም። ግን ብሞት፣ ልቅሶ የመጣው ሰው እናትሽ የት ሞቱ ሲላት ልጄ ምን ትበል? ሽንት ቤት ትበል? ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜ፣ ጸልዬ፣ መጨረሻዬ እዚያ ነው ተብሎ ይወራ?»

መልሱን ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ምክሩ ላይ የለም። ውጭ ነፋሱ ጀምሮ ነበር፤ የመጀመሪያው ካርቶን ተገንጥሎ መንገዱን ተሻግሮ ሲሄድ በበሩ መስታወት አየሁት።

ሌላ መስኮት የሌለው ቦታ እንዳለ ግን አውቅ ነበር። ደረጃው ሥር ያለው ክሎዜት፣ የዕቃ ማስቀመጫው ጠባብ ክፍል ነው። እስከዚያ ሰዓት ያላነሳሁት ምን ስለያዘ ነው። ከተማው ትልልቅ ቆሻሻ በሚያነሳበት ሳምንት ሰዎች ደጃቸው የሚጥሉትን ዕቃ አያለሁና አላልፈውም። እጠግነዋለሁ ብዬ አመጣለሁ። አንድም ጠግኜ አላውቅም። ሚስቴ ሁለተኛ ቤት ውስጥ እንዳላይ ስላለችኝ ክሎዜቱ ውስጥ ደብቄ በሩን ቆልፌ፣ «የሥራ ዕቃ ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት።

ከፈትኩት። አማቴ በሩ ላይ ቆመው አዩ። ቫኪዩም የሚሉት የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ወጣ። ሌላ ቫኪዩም ወጣ። ገመድ የሌለው ቫኪዩም፣ ጎማ የሌለው ቫኪዩም፣ ክንፉ የተሰበረ ቬንቲሌተር፣ የመስታወት ቆብ ያለው ረጅም መብራት፣ ደግሞ ቫኪዩም።

«ልጄ ታውቃለች?» አሉ።

«አታውቅም።»

«ሱቅ ልትከፍት ነው?»

«እማማ፣ እባክዎ ይግቡ።»

«ይህን ሁሉ መጥረጊያ ይዘህ መሬቱ አቧራ ነው። ጥረገው።»

ጠረግኩት፤ በእጅ መጥረጊያ፣ ከቫኪዩሞቹ አንዱም ስለማይሠራ። ዕቃው ኮሪደሩን ሞላው። ምንጣፍ አስነጠፉኝ። የእመቤታችንን ሥዕል አምጥተው ኮት መስቀያው ላይ ሰቀሉ። ትራስ አስገቡ። በነጠላቸው ተሸፍነው ገብተው ተቀመጡ። እፎይ ብዬ እኔም አንድ እግሬን ሳስገባ፣

«ጫማህን አውልቅ።»

«እማማ፣ ጫማ አድርጉ ነው የሚለው። መስታወት ቢሰበር…»

«ሥዕል ተሰቅሏል።»

«ተጽፏል እኮ!»

«እኔም ጽሑፍ አውቃለሁ። አውልቅ ተብሎም ተጽፏል፤ ካንተ ስልክ በፊት።»

በዚያው ቅጽበት የሁለታችንም ስልክ ባንድ ላይ ጮኸ፣ ከውጭ ደግሞ የከተማው ሳይረን ቀጠለ። አማቴ እጃቸውን የበሩ እጀታ ላይ አድርገው ያዩኛል። ጫማዬን ካላወለቅኩ ይወጣሉ። ዓይናቸው ላይ ነበር። ሚስቴ አልመለስም ያለችው ትዝ አለኝ። አውልቄ ወረወርኩትና ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

መብራት ጠፋ። ጉልበቴ አገጬን ነክቷል፣ አማቴ በክርናቸው ጎኔን ወግተውኛል። ቤቱ ይንቋቋል። የልደቱን ሻማ ላብራ ብለው ነበር፣ ከለከልኳቸው፤ እሱንም አንብቤያለሁ። መነጽራቸው መኝታ ቤት ቀርቷል።

«እንግዲያው አንተ አንብብልኝ» አሉ።

በስልኬ መብራት መጽሐፉን ያዝኩ። እንደ ሕፃን እየቆጠርኩ ጀመርኩ። ገና ሦስተኛው ቃል ላይ አረሙኝ። አምስተኛው ላይ አረሙኝ። ስቀጥል እሳቸው ከእኔ ቀድመው መስመሩን ጨርሰው ይጠብቁኛል።

«እማማ፣ በቃልዎ ያውቁታል እንዴ?»

«ታዲያ!»

«ታዲያ መጽሐፉን ምን አደረጉት? ባዶ እጅዎን ሽንት ቤት መግባት አይችሉም ነበር?»

«እዚያ ገብቼ ስሙን በአፌ ልጠራ ነው? ይልቅ አንብብ። እየተሻሻልክ ነው።»

እየተሻሻልክ ነው። ሃሪኬን በላያችን ላይ እያለፈ ነው ይህን የሰማሁት። አነበብኩ። ድምፄ ከፍ ሲል ነፋሱም ከፍ አለ፣ ከዚያ ደጅ አንድ ነገር ተሰነጠቀና ቤቱን መታው። አማቴ ክንዴን ያዙኝ። አጥብቀው ነው የያዙኝ፤ እኔም አልተንቀሳቀስኩም።

ቆይቶ ዝናብ ብቻ ቀረ። ሳይረኑ ዝም አለ። ቶርኔዶው እኛን አልፎ ሜዳ ላይ ኖሯል የወረደው፤ እኛን የመታን የጎረቤት አጥር ነው። ይህን ግን አላወቅኩም ነበርና ጀግና ሆኜ፣ «እርስዎ ይቆዩ፣ እኔ አይቼ ልምጣ» ብዬ በሩን ከፍቼ ወደ ኮሪደሩ አንድ እርምጃ ሄድኩ።

የረገጥኩት የመብራቱን የመስታወት ቆብ ነው። ቸኩዬ ሳወጣው መሬት ላይ አድርጌው ነበር። ተረከዜ ውስጥ ገባ። ጮህኩ። በዚያ ቀን በሰፈራችን ደም የፈሰሰው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያውም ከሰው ደጅ ለቅሜ ባመጣሁት መብራት።

አማቴ ብቅ አሉ። ደሙን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጫማህን ሳታደርግ ምን አስወጣህ?»

ሚስቴ ስትደርስ አንድም የተሰበረ መስኮት የለም። ካርቶኑ ረጥቦ እንደ ገንፎ ሣሩ ላይ ተለጥፏል። እኔ ሶፋው ላይ እግሬ በነጠላ ጫፍ ታስሮ ተኝቻለሁ። አማቴ ያንን የዱባ ዘመድ ውሃ ቀምሰው፣ «ይሄ ደግሞ ለምን በሽታ ነው?» እያሉ ናቸው። ሚስቴ እናቷን አገላብጣ ሳመች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ኮሪደሩ ሄደ፣ ወደ ቫኪዩሞቹ። ቆጠረቻቸው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«የሥራ ዕቃ ነው» አልኩ፣ ከአፌ አምልጦኝ።

«ተዪው» አሉ አማቴ። «ዛሬ ደህና አነበበ።»

ቫኪዩሞቹ ግን አልዳኑም። እያነከስኩ ራሴ ደጅ አወጣኋቸው፤ አንድ ፒክአፕ የያዘ ሰውዬ፣ እንደ እኔ ያለ መሆኑ ከዓይኑ የሚታወቅ፣ በደስታ ጫናቸው። ክሎዜቱም አልተመለሰልኝም። አማቴ «ፀጥ ያለ ነው፣ ቴሌቪዥን አይሰማበትም» ብለው የጸሎት ቤት አደረጉት። ሥዕሉ ኮት መስቀያው ላይ እንዳለ ነው። አሁን ሳይረን ቢጮህ እኔ በገዛ ቤቴ አስፈቅጄ ነው የምገባው፣ ጫማዬን አውልቄ።

በቀደም ዕለት አምፖል ልቀይርላቸው ስገባ ጥግ ላይ አንድ ካርቶን አየሁ። አዲስ የወንድ ጫማ ነው፣ ሶሉ መሬት ያልነካ፤ ዴንተን ላለችው ልጄ ነግረው አስገዝተውታል።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንተ። ያደረግከውን አውልቀህ ትገባለህ፣ ስትወጣ ይህን አድርገህ ትወጣለህ። እስከዚያ እንዳትነካው።»

ሲወጡ ሞከርኩት። አንድ ቁጥር ይጠበኛል። አልነገርኳቸውም።